የመሪ ዘይት አረፋ ሲሠራ፦ አየሩን ከማስወጣት በፊት የሚገባበትን ቀዳዳ ስለ መፈለግ

ጥያቄ፦ «በደሴና በኮምቦልቻ መካከል የምትሠራ ዶልፊን ሚኒባስ አለችኝ። በቅርቡ ከዘይት ማጠራቀሚያው ወደ መሪ ፓምፑ የሚወርደው ቱቦ ተሰንጥቆ ዘይቱ በሙሉ ፈሰሰ። ጋራዥ አስገባኋት፤ ቱቦው ተቀየረ፣ ዘይት ተሞላ፣ ሞተሩ ተነስቶ መሪው ግራና ቀኝ እየተጠመዘዘ አየሩ ወጥቷል ተባልኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን መሪ ስቆርጥ ያጓራል፤ ደሴ አድሬ ጠዋት ሳስነሳ ደግሞ ይብሳል። ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ይመስል ነጣ ብሏል፤ ሞተሩን ሳጠፋ በክዳኑ በኩል ይገነፍላል። ሦስት ጊዜ አየሩን አስወጣን፣ ተመልሶ ያው ነው። አንዱ መካኒክ ፓምፑ አልቋል ቀይረው ይላል። ሌላው እንደ ፍሬን ሁሉ የመሪ ሳጥኑ ላይ አየር ማውጫ ብሎን አለ፣ እሱን እንፍታ ይላል። ጎረቤቴ ደግሞ ሁለቱም ሃይድሮሊክ ስለሆኑ ለጊዜው የፍሬን ዘይት ጨምርበት ብሎኛል። ማንን ልስማ? ራሴስ ልሠራው እችላለሁ?»

ምላሽ፦

ፓምፑን ገና አይግዙ፣ የፍሬን ዘይት በፍጹም አይጨምሩ፣ የመሪ ሳጥኑንም ብሎን አያስፈቱ። የዘረዘሯቸው ሦስት ምልክቶች፣ ማለትም ማጓራቱ፣ የዘይቱ መንጣትና ሞተሩ ሲጠፋ መገንፈሉ፣ አንድ ላይ ሲታዩ ዘይቱ ውስጥ አየር እንዳለ ያመለክታሉ፤ ሦስት ጊዜ ወጥቶ መመለሱ ደግሞ አየሩ ዛሬም በአንድ ቦታ በኩል እየገባ መሆኑን ያሳያል። እስካሁን በመኪናዎ ላይ የተሠራው የገባውን አየር ማስወጣት ብቻ ነው፤ የሚገባበትን ግን ማንም የፈለገው አይመስልም። እኔ በመጀመሪያ የምጠረጥረው ችግሩ በጀመረበት ቀን የተነካውን ቦታ፣ ማለትም አዲሱን ቱቦና ሁለቱን ማሰሪያዎቹን ነው።

የጎረቤትዎን ምክር አስቀድሜ ላንሳ፤ ከሦስቱ አደገኛው እሱ ነውና። ሁለቱም ሃይድሮሊክ ይባሉ እንጂ የፍሬን ዘይትና የመሪ ዘይት በባሕርይ አይገናኙም። ዶት 3 እና ዶት 4 ተብለው የሚሸጡት የፍሬን ዘይቶች መሠረታቸው ግላይኮል የተባለ ኬሚካል ሲሆን፣ በእርስዎ መኪና መሪ ውስጥ የሚገባው ግን ከሞተር ዘይት ቤተሰብ የሆነ የማዕድን ዘይት ነው። የመሪ ፓምፑና የመሪ ሳጥኑ ጎሚኒዎች (ዘይት እንዳያልፍ የሚዘጉት የጎማ ክፍሎች) የተሠሩት ለማዕድን ዘይት ስለሆነ ግላይኮል ሲነካቸው ያብጣሉ፣ ይለሰልሳሉ፣ ብዙም ሳይቆዩ ማፍሰስ ይጀምራሉ። የተገላቢጦሹ ደግሞ የባሰ ነው፤ የመሪ ዘይት ተሳስቶ ወደ ፍሬን ከገባ የፍሬኑ ጎሚኒዎች አብጠው ፍሬኑ ሊነክስ ወይም ጭራሹን ሊከዳ ይችላል። ስለዚህ ለመሪ የተጠቀሙበትን መቅጃ ወይም ሲሪንጅ ለፍሬን አይጠቀሙበት። ምክሩን ሰምተው የፍሬን ዘይት ጨምረው ከሆነ ሞተሩን ሳያስነሱ ማጠራቀሚያውን በሲሪንጅ መጥጠው ባዶ ያድርጉት፣ ከዚያም ከታች በምገልጸው መንገድ ሥርዓቱን በሙሉ ከአንድ ጊዜ በላይ ይጠቡት። ሞተሩ ተነስቶ ከተሠራበት ግን ጎሚኒዎቹ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ቢያፈሱ አይገረሙ።

ወደ ብሎኑ ስንመጣ፣ መካኒኩ ከፍሬን ጋር ያመሳሰለው ለመረዳት አያስቸግርም፤ ሆኖም ሁለቱ አሠራራቸው የተለያየ ነው። የፍሬን ዘይት ወደ ጎማው ተገፍቶ እዚያው የሚቆም እንጂ ዙሪያውን የሚመላለስ አይደለም፤ ስለዚህ መጨረሻው ላይ የተከማቸውን አየር የሚያስወጣ ብሎን ያስፈልገዋል። የመሪ ዘይት ግን ሞተሩ እስከሠራ ድረስ ከማጠራቀሚያው ወደ ፓምፑ፣ ከፓምፑ ወደ መሪ ሳጥኑ፣ ከሳጥኑ ወደ ማጠራቀሚያው ያለማቋረጥ ይዞራል፤ አየሩም ከዘይቱ ጋር ተመልሶ በማጠራቀሚያው አፍ በኩል በራሱ ይወጣል። በአንዳንድ ከባድ መኪኖች የመሪ ሳጥን ላይ የአየር ማውጫ ብሎን መኖሩ እውነት ነው፤ አብዛኞቹ ቀላል መኪኖች ግን አያስፈልጋቸውም። በመሪ ሳጥን አናት ላይ ዳዶ ታስሮበት የሚታየው ብሎን ብዙውን ጊዜ በሳጥኑ ውስጥ ያሉት ጥርሶች የሚጠባበቁበትን ልክ የሚወስን ማስተካከያ ነው። እሱን አየር ማውጫ ነው ብሎ የፈታ ሰው አየሩ ሳይወጣለት መሪው የሚላወስበትን መጠን ያበላሻል፤ መልሶ በልኩ ማሰሩም የሁሉም ሰው ሥራ አይደለም።

አሁን አየሩ ከየት እንደሚመጣ እንይ። ፓምፑ በቺንጋ (በጎማ ቀበቶ) ከሞተሩ ጋር ይዞራል፤ ከማጠራቀሚያው በሚወርደው ወፍራም ቱቦ ዘይት ይስባል፣ በሌላኛው በኩል በጠንካራው ቱቦ ወደ መሪ ሳጥኑ ይገፋዋል። መሪው ጥግ ድረስ ሲጠመዘዝ በዚህ ጠንካራ ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት በብዙ መኪኖች ከ70 ባር ይበልጣል፤ ይህም ከትንሽ መኪና ጎማ ንፋስ ግፊት ሠላሳ እጥፍ ገደማ ነው። በዚያ በኩል ትንሽ ቀዳዳ ካለ ዘይቱ ወጥቶ ስለሚታይ ማንም ያገኘዋል። በመሳቢያው ቱቦ በኩል ግን ግፊቱ ከውጭው አየር በታች ይወርዳል፤ በመሆኑም ያልጠበቀ ማሰሪያ ሞተሩ ሲሠራ ዘይት አያፈስም፣ ይልቁንም አየር ወደ ውስጥ ይስባል። መካኒኩ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ጠብታ ስለማያገኝ «ከውጭ የሚያፈስ ነገር የለም፣ እንግዲህ ፓምፑ ነው» ወደሚል ድምዳሜ ይሄዳል። በዚህ ዓይነት ምርመራ ጤነኛ ፓምፕ ተፈትቶ የተጣለበት መኪና ጥቂት አይደለም።

ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ የሚገነፍለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ዘይት አይታመቅም፣ አየር ግን ይታመቃል፤ በግፊት ውስጥ ሳለ ተጨፍልቆ የነበረው አየር ፓምፑ ሲቆም ይሰፋና ዘይቱን ወደ ማጠራቀሚያው መልሶ ይገፋዋል። ስለዚህ ሲገነፍል ያዩት ዘይት «ስለ በዛ» እንዳይመስልዎት፤ እየቀነሱ መጨመርም፣ ክዳኑን በላስቲክ ጠቅልሎ ማጥበቅም ምንም አይፈይድም።

አንድ ነገር ግን ከፓምፑም ከቱቦውም በፊት መረጋገጥ አለበት፤ ዘይቱን ያነጣው አየር ነው ወይስ ውሃ? በንጹሕ ሲሪንጅ ከማጠራቀሚያው ጥቂት ዘይት ይሳቡና አናቱ በተቆረጠ ንጹሕ የሃይላንድ ፕላስቲክ ውስጥ ጨምረው ጥላ ሥር ያስቀምጡት። አየር ከሆነ ከታች ጀምሮ እየጠራ ወደ ላይ ይመጣል፤ አንድ ሰዓት ገደማ ሲቆይ የአረፋው ንጣፍ አናቱ ላይ ቀርቶ ከሥሩ ቀዩ ዘይት ይታያል። እንደደፈረሰ ከቀረ ወይም ከሥሩ ውሃ ከቋጠረ ግን በማጠራቀሚያው ክዳን በኩል፣ ምናልባትም ሞተር ሲታጠብ፣ ውሃ ገብቷል ማለት ነው፤ ያ ዘይት በሙሉ መቀየር አለበት። በዚያው ፕላስቲክ ውስጥ ሌላም ነገር ያያሉ። ጥቁር የጎማ ፍርፋሪ ካለ ቱቦው ከውስጥ እየተላጠ ነው። ወደ ፀሐይ ሲያዞሩት የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ ካለ ደግሞ ፓምፑ ራሱን እየበላ ነውና የመጀመሪያው መካኒክ አልተሳሳተም ማለት ነው።

በመጀመሪያው ቀን የተደረገው አሞላልም ችግሩን አባብሶታል። ባዶ የሆነ ሥርዓት ሞተር ተነስቶ እየሠራ ሲሞላ፣ ፓምፑ በእርጋታ እንኳ ሲዞር በደቂቃ ብዙ መቶ ጊዜ ስለሚሽከረከር ዘይቱንና አየሩን አንድ ላይ ይመታቸዋል። ትልልቅ አረፋ ቶሎ ይወጣል፤ ተመትቶ የደቀቀ አረፋ ግን ዘይቱ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከዚህም በላይ ፓምፑ ሌላ ማለስለሻ የለውም፤ የሚለሰልሰው በሚገፋው በዚያው ዘይት ነው። በደረቁ ለጥቂት ሰከንድ ማዞር እንኳ ውስጡን ሊቧጭረው ይችላል።

ጠዋት ደሴ ላይ እንደሚብስ ነግረውኛል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ዘይቱን ከማጠራቀሚያው ወደ ፓምፑ የሚገፋው ይኸው የአየር ግፊት ስለሆነ ፓምፑ ቀድሞም በጠባብ ልክ ነው የሚሠራው። በዚያ ላይ የደሴ ብርድ ዘይቱን ያወፍረዋል፤ ወፍራም ዘይት በጠባብ ቱቦ ወይም በተዘጋ ማጣሪያ ውስጥ ሲሳብ ይዘገያል፣ ፓምፑም ባዶ ይጎትታል። ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ሲሉና ዘይቱ ሲሞቅ ድምፁ ይቀንሳል፤ ኮምቦልቻ ሲደርሱ ዝም ካለ ዳነ ብለው እንዳይተዉት። ከፍታውና ብርዱ ብቻቸውን ጤነኛ መሪ አያስጮኹም፤ ያለውን ጉድለት ግን ያጋልጣሉ። ብርድ ባለበት ጠዋት በመጀመሪያዋ ደቂቃ ለስለስ ያለ ድምፅ ተሰምቶ ከጠፋና ዘይቱ አረፋ ከሌለው ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን ይተዉት።

ቀዳዳውን ፍለጋ ከቱቦው ይጀምሩ። በሜትር ተቆርጦ የሚሸጥ ቱቦ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ለራዲያተር ውሃ የተሠራ ጎማ ዘይት ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ አፉም ይሰፋል። ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ ሳለ በሁለት ጣት ጫን ብለው ይዩት፤ አዲስ የተገባው ቱቦ ከወዲሁ እንደ ሊጥ ከለሰለሰ ወይም ከማሰሪያው አጠገብ ካበጠ የተገባው የውሃ ቱቦ ነው፤ ማሰሪያውን ማጥበቅም አይጠቅመውም። ለዘይት የተሠራና የውስጥ ስፋቱ ከፓምፑ አንገት ጋር በትክክል የሚገጥም ቱቦ ይግዙ። ሲገጠም በአንገቱ ጫፍ ላይ ያለውን ከፍ ያለ ቀለበት ማለፍ አለበት፤ ፋሼታው (የቱቦው ማሰሪያ) የሚታሰረውም ከቀለበቱ ወዲያ፣ ጠፍጣፋው ቦታ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የማየው ስህተት ፋሼታው ራሱ ቀለበቱ ላይ ተጭኖ መታሰሩ ነው፤ ሲያዩት የጠበቀ ይመስላል፣ ነገር ግን በግማሽ ጎኑ አየር ያሳልፋል። ሽቦ ታስሮበት ካገኙ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፤ ሽቦ በሁለት ነጥብ ይቆነጥጣል እንጂ ዙሪያውን እኩል አያጠብቅም።

ቀጥሎ የፓምፑን አንገት ይመልከቱ። አንገቱ ከፓምፑ አካል ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ብዙ ፓምፖች ቀጭን የጎማ ቀለበት አላቸው፤ በሙቀት ብዛት ይደርቅና ጠፍጣፋ ይሆናል። ዋጋው ከሁሉም የሚያንስ ዕቃ ሆኖ ሳለ ከሁሉም በላይ የሚረሳው እሱ ነው። በማጠራቀሚያው ሥር ማጣሪያ ወንፊት ካለም አጥበው ያጽዱት፤ ከተሰነጠቀው ቱቦ የተላጠ ፍርፋሪ ዘግቶት ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ሲሠራ መሳቢያው ቱቦ ወደ ውስጥ ጠፍጠፍ ሲል ከታየ ወይ ወንፊቱ ተዘግቷል ወይ ቱቦው ለስላሳ ነው።

እርግጠኛ ለመሆን ርካሽ ዘዴ አለ። ሞተሩ በእርጋታ እየሠራ እያለ ወፍራም ግራሶ በብሩሽ አድርገው በአንድ ማሰሪያ ዙሪያ ይለቅልቁና ያዳምጡ፤ ድምፁ ከቀነሰ ቀዳዳው እዚያ ነው፣ ካልቀነሰ ወደ ሚቀጥለው መገጣጠሚያ ይለፉ። ይህን ሲያደርጉ ነጠላም ሆነ ሰፊ እጅጌ አይልበሱ፣ ቺንጋውና ማራገቢያው አጠገብ በጣትዎ አይሥሩ። በከፍተኛ ግፊት በሚሠራው ጠንካራ ቱቦ ላይ ደግሞ ቀዳዳ በእጅ አይፈለግም፤ በመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ሊገባ ይችላል፣ ይህም በአስቸኳይ ሐኪም ዘንድ የሚያስኬድ ጉዳት ነው። ካርቶን አስጠግተው እርጥበቱን ይዩ። ከሁሉም በኋላ ያልተገኘ ቀዳዳ የሚቀረው ከፓምፑ ፑሌ (ቺንጋው ከሚጠመጠምበት መዘውር) በስተኋላ ያለው ኦይል ሲል፣ ማለትም ዘይት እንዳያልፍ የሚዘጋው የጎማ ቀለበት ነው፤ እሱ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ከፑሌው ጀርባ እርጥብ አቧራ ይይዛል፤ ጥገናውም ፓምፑን ማውረድ ይጠይቃል።

ስለ ዘይቱ አጭር ነገር ልበል። ቶዮታ እንደ እርስዎ ዶልፊን ላሉ መኪኖቹ መሪ የሚያዘው ዴክስሮን 2 ወይም 3 የተባለውን ኤቲኤፍ፣ ማለትም በአውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ የሚገባውን ቀይ ዘይት ነው። የሞተር ዘይትም ሆነ ወፍራሙ የካምቢዮ ዘይት አይተካውም፤ በተለይ ወፍራሙ ዘይት በደሴ ብርድ ፓምፑን ያስርባል። በቀለም ብቻ ግን አይመኑ፤ አንዳንድ የአውሮፓ መኪኖች የራሳቸውን አረንጓዴ ዘይት፣ ሆንዳም የራሱን ዘይት ይጠይቃሉ፤ ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይቀድማል። ትናንሽ የቶዮታ መኪኖች ሥርዓት ውስጥ የሚይዘው አንድ ሊትር ገደማ ነው፤ ለማጠብም ለመሙላትም ታሽጎ የተገዛ ሦስት ሊትር በቂ ነው። ተቀድቶ በሃይላንድ የሚሸጠውን አይግዙ፤ ውስጡ ምን እንደነበረ አይታወቅም።

ቀዳዳው ከተደፈነ በኋላ የሚቀረው ሥራ ትዕግሥት እንጂ ልዩ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ከረዳትዎ ጋር ሆነው ሊሠሩት ይችላሉ። መኪናውን ሜዳ ላይ ያቁሙ፤ ደሴ ውስጥ ሜዳ መፈለግ ራሱ ግማሽ ሥራ ስለሆነ ኮምቦልቻ ላይ ቢያደርጉት ይቀላል። የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ ለኋላ ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ድንጋይ ያድርጉ፣ ፊቱን በክሪክ አንሥተው ሻንሲው ሥር በሁለቱም በኩል ጠንካራ የብረት መቆሚያ ያስገቡ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ላይ መሪ መጠምዘዝ መኪናውን ሊጥለው ይችላል፤ ሥሩም ማንም አይገባም። ጎማዎቹ ከመሬት የሚነሡት መሪው ያለ ጭነት እንዲዞርና ግፊቱ ዝቅ ብሎ ዘይቱ እንዳይመታ ነው።

አሮጌውን ዘይት ከማጠራቀሚያው በሲሪንጅ መጥጠው ያውጡ፣ የመመለሻውን ቱቦ ከማጠራቀሚያው ላይ ፈትተው ጫፉን ጀሪካን ውስጥ ይክተቱ፣ ማጠራቀሚያው ላይ ክፍት የቀረውን አፍ በንጹሕ ቡሽ ይድፈኑ። ከዚያ ማጠራቀሚያውን በአዲስ ዘይት ሞልተው ቁልፉን መሪው እስኪፈታ ብቻ ያዙሩ፤ ሞተሩ አይነሣም። ረዳትዎ መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ በዝግታ ሲያመላልስ አሮጌው ዘይት ወደ ጀሪካኑ ይወጣል፤ የእርስዎ ሥራ ማጠራቀሚያው እንዳይጎድል እየተከታተሉ መጨመር ነው። አንድ ጊዜ ከታች ያለው አፍ አየር ካገኘ የደከሙበት ሁሉ ከዜሮ ይጀምራል። አንዳንዶች ይህን ሞተሩን አስነሥተው በቶሎ ይጨርሱታል፤ ፓምፑ ማጠራቀሚያውን በሰከንዶች ውስጥ ባዶ ስለሚያደርገው እኔ አልመክረውም። የሚወጣው ዘይት ጥርት ያለ ቀይ ሲሆን ቱቦውን ወደ ቦታው መልሰው በፋሼታ ያጥብቁት። የተጠራቀመውን አሮጌ ዘይት ወደ ቦርከና ወንዝ አይድፉት፤ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ከሚሰበስብ ጋራዥ ጋር ያድርጉት።

አሁን ዋናው ክፍል ነው፤ ሰው የሚቸኩለውም እዚህ ላይ ነው። ዘይቱን ማጠራቀሚያው ላይ እስካለው የቀዝቃዛ ዘይት ምልክት ሞልተው፣ ሞተሩ እንደጠፋ፣ መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ በዝግታ ሃያ ጊዜ ያህል ያመላልሱ። ማጠራቀሚያው ላይ አረፋ ብቅ ብቅ ሲል ያያሉ፤ ሲጎድል ይሙሉ፣ አሥር ደቂቃ ያሳርፉት፣ ይድገሙ። አረፋ መውጣቱ ሲያቆምና ዘይቱ መጉደሉን ሲተው ብቻ መኪናውን ወደ መሬት አውርደው ሞተሩን ያስነሡ፤ ወዲያው ዘይቱን ይዩ፣ ከጎደለ ሞተሩን አጥፍተው ይሙሉ። ጥቂት ደቂቃ በእርጋታ ከሠራ በኋላ መሪውን ወደ አንዱ ጥግ ወስደው ሁለት ወይም ሦስት ሰከንድ ብቻ ይያዙ፣ ወደ ሌላው ጥግ ይውሰዱ፣ ጥቂት ጊዜ ይድገሙት። ከዚያ በላይ ጥግ ላይ መያዝ ግፊቱን ጫፍ አድርሶ ዘይቱን ያፈላዋል፤ ይህ ለዘወትር መንዳትም የሚሠራ ነው። በመሃል ዘይቱ ከነጣ ሞተሩን አጥፍተው ያቁሙ፤ ማጠራቀሚያውን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው ያሳድሩትና ጠዋት ሞተሩ ጠፍቶ ከሚሠራው ክፍል እንደገና ይጀምሩ። እየነጣ መቀጠል አየሩን ከማድቀቅ በቀር ውጤት የለውም።

አየሩ መውጣቱን በጆሮ ብቻ አይፍረዱ። ቶዮታ በጥገና መመሪያዎቹ የሚጠቀምበት ቀላል መለኪያ አለ፤ ዘይቱ ከሞቀ በኋላ ሞተሩ በእርጋታ እየሠራ የዘይቱን ከፍታ ምልክት ያድርጉ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቀው እንደገና ይለኩ። ከፍታው ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ከጨመረ ውስጡ ገና አየር አለ። የእርስዎ መኪና እስከ መገንፈል ስለደረሰች አሁን ከዚህ ልክ በብዙ ርቃለች፤ ከሥራው በኋላ ግን ለመካኒኩም ለራስዎም ማስረጃ የሚሆነው ይህ ቁጥር ነው።

የቫክዩም ፓምፕ ያለው ጋራዥ ካገኙ በማጠራቀሚያው አፍ ላይ ገጥሞ አየሩን መሳብ እልኸኛ ለሆነ ሥርዓት ይረዳል። ሆኖም በባሕር ጠለል ላሉ ጋራዦች የተጻፈ መመሪያ የሚጠይቀውን የጌጅ ንባብ ደሴ ላይ መድረስ ይከብዳል፤ ከላይ እንዳልኩት የአየሩ ግፊት ራሱ አነስተኛ ነውና ጌጁ ዝቅ ብሎ ቢቆም መሣሪያው ተበላሽቷል አይበሉ። ያለ እሱም ሥራው ይሠራል።

አየር ማስወጣት የማይፈታቸው ነገሮች እንዳሉም ይወቁ። መሪ ሲቆረጥ የሚሰማው ማጓራት ሳይሆን ቀጭን ጩኸት ከሆነ የላላ ወይም ያለቀ ቺንጋ ነው። ወደ አንድ ጎን ብቻ የሚከብድ መሪ የሳጥኑ ችግር ነው። ዘይቱ ጥርት ብሎ፣ ድምፅም ሳይኖር ሁልጊዜ የሚከብድ ከሆነ የጎማ ንፋስ፣ ቴስቲና (የመሪ ዘንግ መጋጠሚያ) እና ሌሎች የፊት እግር መጋጠሚያዎች ይታዩ። የመሪ ዘይት የሌላቸው፣ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚረዱ መኪኖችም አሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ የተሠሩ ያሪስና ቪትዝ ከእነዚህ ናቸውና ባለቤቶቻቸው ማጠራቀሚያ ባይፈልጉ ይሻላል።

እስኪሠራ ድረስ ሰው ጭነው ሐረጎን አይውጡ፣ አይውረዱም። መሪው ከጎማው ጋር በብረት የተገናኘ ስለሆነ ዘይቱ ቢከዳም ይዞራል፤ አደጋው ግን በኩርባ መካከል እርዳታው ድንገት ተቋርጦ ሲከብድና ሲመለስ ነው፤ አሽከርካሪው ያልጠበቀውን ጉልበት በግማሽ ሰከንድ ማምጣት አይችልም። ነዳጅ ለመቆጠብ ቁልቁለቱን ሞተር አጥፍቶ በፎሌ (ያለ ማርሽ) የመውረድ ልማድ ያለው ሰው ደግሞ የመሪውንም የፍሬኑንም እርዳታ በአንድ ጊዜ ራሱ እንዳጠፋ ይወቅ፤ ይህን ጤነኛ መኪናም አይቋቋመውም።

ቁርጥ ያለው ምክሬ ይህ ነው። ለዘይት የተሠራ ቱቦ፣ ሁለት አዲስ ፋሼታ፣ የፓምፑን አንገት የጎማ ቀለበትና ሦስት ሊትር ኤቲኤፍ ይግዙ፤ እነሱን ገጥመው፣ ወንፊቱን አጽድተው፣ ሞተሩ ጠፍቶ አየሩን አስወጥተው በ5 ሚሊ ሜትሩ ይለኩ። በዚህ አሠራር በትክክል ሁለት ጊዜ ተሞክሮ ዘይቱ አሁንም ከነጣ ፓምፑ ወርዶ ኦይል ሲሉ ይቀየር። ፓምፑ ራሱ የሚገዛው ዘይቱ ጥርት ብሎ፣ ሞቆም ማጓራቱን ካልተወ ወይም የብረት ብናኝ ከታየ ብቻ ነው። ያ ቀን ከመጣ አሮጌው ፓምፕ የበተነው ብናኝ አዲሱን እንዳይበላው ሥርዓቱ አስቀድሞ ይታጠብ፤ አዲሱም ከመገጠሙ በፊት በመሳቢያ አንገቱ ዘይት ተሞልቶ በሌላኛው አፉ ዘይት እስኪወጣ ድረስ ፑሌው በሚዞርበት አቅጣጫ በእጅ ይዙር።